ቡናውን ማን ለቀመው? የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሥርዓት በቦሳ አዲስ

በኅዳር ወር መጨረሻ፣ የጅማ ዝናብ አባርቶ ሰማዩ በጠራበትና ከአጋሮ፣ ከማና፣ ከሊሙና ከጌራ ቡና ጭነው የሚመጡት መኪናዎች የቦሳ አዲስን መንገድ በአቧራ በሚያለብሱበት ሰሞን፣ በአንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ሠላሳ የሚያህሉ ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው ጥቁሩንና የተሰባበረውን ፍሬ ከደኅናው ሲለዩ፣ በመጋዘኑ ማዕዘን ካለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ የሒሳብ መዝገብ የሚይዘው ወጣት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጨንቆ ነበር። ወደ ባሕር ማዶ ከሚላከው ናሙና ጋር የሚሄድ አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ መጻፍ ነበረበትና፣ «ቡናውን በእጅ አስለቅመነዋል» የሚለውን አሳብ እንደ ምንም አድርጎ ጽፎ ሲያበቃ፣ ጡረታ የወጡት የቀድሞ መምህሩ ሊጠይቁት ጎራ ብለው ስለ ነበረ ወረቀቱን ዘረጋላቸው።

«ጋሼ፣ እስቲ ይህችን ይዩልኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የተጻፈው፣ እንደ ድምፁ በፊደላችን ስናሰፍረው፣ «ዊ ሃድ ፒክድ ዘ ኮፊ ባይ ሃንድ» የሚል ነበር።

«ልጄ፣ አንተ ነህ እንዴ የለቀምኸው?»

«እኔማ ምን ጊዜ አግኝቼ! እነዚህ እናቶች ናቸው እንጂ።»

«እንግዲያስ ይህ ጽሑፍ አንተና ባለ መጋዘኑ በገዛ እጃችሁ ለቅማችሁ ነበር ነው የሚለው» አሉና ብዕሩን ተቀብለው፣ አንድ ቃል ሳይጨምሩ አንድም ሳይቀንሱ፣ «ፒክድ» የሚለውን ከ«ኮፊ» በኋላ አሻግረው «ዊ ሃድ ዘ ኮፊ ፒክድ ባይ ሃንድ» ብለው ጻፉ። ወጣቱ ሁለቱን መሥመሮች እያስተያየ ጥቂት ቆየ። ቃላቱ እነዚያው ናቸው፤ ነገር ግን በፊተኛው መሥመር «ለቅመን ነበር»፣ በኋለኛው «አስለቀምን» ይላሉ፤ የሠላሳዎቹ ሴቶች ድካምም በፊተኛው ጠፍቶ በኋለኛው ተገልጿል።

አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ውስጥ ይፈጽመዋል። የግእዝ ሊቃውንት «አዕማደ ግሥ» ብለው በሚያስተምሩት ሥርዓት ለቀመ አድራጊ፣ ተለቀመ ተደራጊ፣ አስለቀመ አስደራጊ ነው፤ በግሡ ራስ ላይ ፊደል ይጨመራል፣ ምሥጢሩም ይለወጣል፣ ግሡ ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። እንግሊዝኛ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቅጥያ ስለሌለው፣ በማድረግና በማስደረግ መካከል ያለውን ልዩነት ቃላቱን ከሥፍራ ወደ ሥፍራ በማዘዋወር ይገልጸዋል። በጥንቱ የግብር አዳራሽ መኳንንቱ ከተቀመጡበት ሥፍራ የተነሣ መዓርጋቸው ሳይጠየቅ ይታወቅ እንደ ነበረ፣ በእንግሊዝኛም ዓረፍተ ነገር የአንድ ቃል ሥልጣን የሚታወቀው ከመልኩ ይልቅ ከሥፍራው ነው። የጅማና የአካባቢዋ ተማሪ፣ ስድስት ሰባት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሮ ቃላቱን በመቶ እየቆጠረ ካጠና በኋላ እንኳ፣ ደብዳቤ ጻፍ ሲባል እጁ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቃልን ተምሯል፣ የቃልን ሥፍራ ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

ማናቸውም የሰው ልሳን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማሳወቅ ግዴታው ነው፤ አድራጊው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳደረገ፣ ድርጊቱስ በማን ላይ እንዳረፈ። የእኛ ሰዋስው እነዚህን ባለቤት፣ ማሰሪያ አንቀጽና ተሳቢ ይላቸዋል። በአማርኛ ማሰሪያው ከሁሉ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህም የአማርኛ ሰሚ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ቃል ታግሦ ካልተከታተለ፣ ተናጋሪው ቡናውን ይግዛው ወይም ይሽጠው፣ ያመስግነው ወይም ይንቀፈው ሊያውቅ አይችልም። እንግሊዝኛ ማሰሪያውን በመካከል ያኖራል፤ ባለቤቱ እንደ ተጠራ ወዲያው ሥራው ይነገራል፣ ተሳቢው ይከተላል። ግእዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማሰሪያውን ያስቀድማል። «ርእየ ንጉሥ ብእሴ» ያለ እንደ ሆነ ንጉሥ ሰውን አየ ማለቱ ነው፤ «ርእየ ብእሲ ንጉሠ» ሲል ግን የታየው ንጉሡ ነው፤ ቃላቱን አዘዋውረን «ንጉሠ ርእየ ብእሲ» ብንልም ምሥጢሩ አይናወጥም፤ «ንጉሥ» የሚለው ቃል መድረሻውን ለውጦ «ንጉሠ» በመባሉ ብቻ ተሳቢነቱን ተሸክሞ በሄደበት ይዞት ይሄዳልና። የቅኔ ባለሙያ ቃላትን እንደ ልቡ ለመበተን የሚደፍረውም በዚህ ተማምኖ ነው።

በጅማ አካባቢ የኖረው ሌላው ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በጅሬን ቤተ መንግሥታቸው ተቀምጠው በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ጅማ የእስልምና ትምህርት መዲና ሆና ነበርና፣ ደረሳው ከየአገሩ እየመጣ ቁርአንን ካነበበ በኋላ «ነሕው» የተባለውን የዓረብኛ ሰዋስው ይማር ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚጠቀሰው የታወቀ ምሳሌ «ደረበ ዘይዱን ዐምረን»፣ ይኸውም ዘይድ ዐምርን መታ የሚለው ነው፤ ማሰሪያው እንደ ግእዝ ይቀድማል፣ መቺው «ኡ»፣ ተመቺው «አ» በሚል ድምፅ ይለያል። ግእዝና ዓረብኛ እኅትማማች መሆናቸውን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር፣ ተሳቢን በ«አ» ድምፅ ማሳወቃቸውን ብቻ ቢያይ ይበቃዋል።

ወደ ገበያው ስንወርድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። በመርካቶና በፈረንጅ አራዳ በጠዋት የሚነግድ የጅማ ሰው ብዙውን ጊዜ ኦሮምኛና አማርኛን በአንድ አፍ ይናገራል። ሁለቱም ልሳናት ማሰሪያቸውን በመጨረሻ ያደርጋሉ፤ «ጫላ ቡና ጠጣ» የሚለው አማርኛ በኦሮምኛ «ጫላን ቡነ ዹጌ» ነው፤ የቃላቱ ተራ አንድ ነው። ነገር ግን «ን» የተባለችውን ፊደል ተመልከቱ። በአማርኛ «ቶላ ጫላን አየው» ባልን ጊዜ «ን» ያረፈችበት ጫላ የታየው ነው። በኦሮምኛ «ጫላን ቶላ አርጌ» ባልን ጊዜ ግን «ን» ያረፈችበት ጫላ ራሱ ተመልካቹ ነው፤ ቶላን ያየው እሱ ነው። አንዲቱ ፊደል በአንዱ ልሳን የተሳቢ፣ በሌላው የባለቤት ምልክት ሆና ስታገለግል፣ የሰባት ዓመት ሕፃን በአንድ ግቢ ውስጥ ከእናቱ ጋር በአንዱ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር በሌላው እየተጫወተ አንድም ቀን አይሳሳትም። ይህን የመሰለ አእምሮ ያለውን ሕፃን ነው እንግዲህ በኋላ ጊዜ «እንግሊዝኛ አይገባውም» ብለን የምንፈርድበት!

እንግሊዝኛ ከእነዚህ ምልክቶች አንዱንም አይጠቀምም። «ጫላ ሶው ቶላ» ካለ ያየው ጫላ ነው፤ «ቶላ ሶው ጫላ» ካለ ያየው ቶላ ነው፤ በስሞቹ ላይ የተጨመረ ፊደል የለም፣ የተለወጠ መድረሻም የለም። ከማሰሪያው በፊት የቆመ ባለቤት ነው፣ በኋላ የቆመ ተሳቢ ነው፤ ሕጉ ይኸው ነው።

ይህ ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የተነገረው እንግሊዝኛ እንደ ግእዝ በመድረሻ ሙያ የሚለይ ልሳን ነበር፤ ዛሬ «ዘ» የሚባለው ቃል እንኳ ለወንድ ባለቤት «ሴ»፣ ለወንድ ተሳቢ «ዞኔ» እየተባለ ይለዋወጥ ነበር። የቃሉ ኃይል በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ስለሚወድቅ የመድረሻዎቹ ድምፅ እየደከመ ሄደ፤ ከሰሜን ባሕር የመጡት ዴኖች በ9ኛው መቶ ዓመት ከአገሬው ጋር ተቀላቅለው ሥርወ ቃሉ የሚቀራረብ፣ መድረሻው ግን የሚለያይ ልሳን ይናገሩ ስለ ነበረ መግባቢያው ከመድረሻው ይልቅ ሥሩ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሩን በያዙ ጊዜም የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ እንግሊዝኛ በአብዛኛው በሕዝብ አፍ ቀረ። መድረሻው ሲጠፋ ሥልጣኑን የወረሰው ተራው ነው። የጥንቱ ሥርዓት ቅሪት ዛሬም «ሂ» እና «ሂም»፣ «አይ» እና «ሚ» በተባሉት ተውላጠ ስሞች ላይ ይታያል።

እንግዲህ በሥፍራ የሚገዛ ልሳን ከሆነ፣ ሥፍራዎቹ ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ኦኒየንስ የተባለው የእንግሊዝ መዝገበ ቃላት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ባሳተመው የአገባብ መጽሐፍ አምስት አድርጎ ወስኗቸዋል፤ እነዚህንም በቤታችን ምሳሌ ብናያቸው ይቀላል። «ሬይን ፎልስ» ዝናብ ይዘንባል፤ ባለቤትና ማሰሪያ ብቻ። «ዘ ኮፊ ኢዝ ሆት» ቡናው ትኩስ ነው፤ ከማሰሪያው በኋላ የባለቤቱን ጠባይ የሚገልጽ ቃል ተጨመረ። «ሺ ሶልድ ኮፊ» ቡና ሸጠች፤ ተሳቢ መጣ። «ሺ ጌቭ ሚ ኮፊ» ቡና ሰጠችኝ፤ ሁለት ተሳቢዎች ቆሙ፣ ተቀባዩ ይቀድማል፣ ስጦታው ይከተላል። «ዜይ ኮልድ ሂም አባ ጅፋር» አባ ጅፋር ብለው ጠሩት፤ በተሳቢው ላይ ስም ተሰጠ። ረጅሙና የተወሳሰበው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከእነዚህ ከአንዱ ላይ የተሠራ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን ከዚህ አርቆ የወሰደው ግን እንግሊዝ አገር ተቀምጦ የጻፈ ሰው አልነበረም። ሐሮልድ ፓልመር የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ጃፓን ሄዶ፣ ቋንቋቸው እንደ አማርኛ ማሰሪያውን በመጨረሻ የሚያደርግ ተማሪዎችን ሲያስተምር፣ የችግሩ ሥር ቃል ሳይሆን እያንዳንዱ ግሥ ከበስተኋላው ምን ዓይነት ቃል እንደሚያስከትል አለማወቅ መሆኑን ተረዳ። ከእርሱ ጋር የሠራው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የእንግሊዝኛን ግሦች እንደ አገባባቸው በ25 ሥርዓት መድቦ፣ በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1942 የታተመውን፣ ከ1948 ጀምሮም በኦክስፎርድ ስም ዓለምን ያዳረሰውን የተማሪዎች መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። ከየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠርዙ ተበልቶ የምናገኘው ያ ወፍራም መጽሐፍ ለቃል ትርጉም ብቻ የተጻፈ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ደራሲው የደከመበት ነገር ግን ከግሡ አጠገብ በቁጥር የተመለከተው የአገባብ ምልክት ነበር፤ ያንን ቁጥር ዓይናችን ሳያየው ገጹን እንገልጣለን።

የቁጥሩ ጥቅም በምሳሌ ይገለጣል። አማርኛ «ስጠኝ» እንደሚል «አስረዳኝ» ይላል፤ ሁለቱም ግሦች «ኝ» የተባለችውን ተቀባይ በጀርባቸው ያዝላሉ። ተማሪው «ጊቭ ሚ» ትክክል መሆኑን ካወቀ በኋላ «ኤክስፕሌን ሚ» ቢል ምን ያስደንቃል? ነገር ግን እንግሊዝኛ ለመስጠት የፈቀደውን ሥፍራ ለማስረዳት አልፈቀደም፤ «ኤክስፕሌን ኢት ቱ ሚ» ይላል። እንደዚሁም «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» የሚለውን ሰው ሁሉ ወደ «አይ ዎንት ዛት ዩ ካም» የሚስበው «እንድ» የተባለችው አገባብ ስትሆን፣ እንግሊዝኛ ግን የሚመጣውን ሰው ከማሰሪያው በኋላ እንደ ተሳቢ አቁሞ «አይ ዎንት ዩ ቱ ካም» ማለትን መርጧል። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ልማድ ነው። ልማድ ደግሞ በሕግ አይጠናም፤ ግሡን ከነጎረቤቱ አንድ ላይ በቃል መያዝ ነው። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ዳዊትን በቃሉ ሲይዝ የግእዝን አገባብ ሳይታወቀው አብሮ የሚይዘው እንዲሁ ነው፤ ሰዋስዉን በኋላ ሲማር አዲስ ነገር የሚማር ሳይሆን የያዘውን የሚለይ ይሆናል።

እዚያው ቦሳ አዲስ ውስጥ፣ ከሥራ በኋላ ለሚመጡ ሰዎች እንግሊዝኛ በሚያስተምር አንድ ወጣት መምህር ዘንድ ያየነው የማታ ትምህርት ይህን የሚመስል ነበር። ከተማሪዎቹ አንዷ በምግብ ቤት የምታስተናግድ፣ አንዱ የባጃጅ ሹፌር፣ ሌሎቹ በቡና መጋዘን የሚሠሩ ናቸው። መምህሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ትናንት ከአጋሮ የመጣው ቡና» ብሎ ጻፈና በየቃሉ ሥር 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አኖረ። ከሥሩም እንግሊዝኛውን «ዘ ኮፊ ዛት ኬም ፍሮም አጋሮ የስተርዴይ» ብሎ ጽፎ፣ ያንኑ ቁጥር ከየአቻው ሥር ሲያኖር 4፣ 3፣ 2፣ 1 ሆነ። ክፍሉ አጉረመረመ።

«ቲቸር፣ ፈረንጅ ነገር የሚያስበው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው ማለት ነው?» አለ የባጃጁ ሹፌር።

«እነሱም ስለ አንተ እንዲሁ ነው የሚሉት» ብሎ መለሰለት መምህሩ።

አማርኛ ገላጩን ሁሉ አስቀድሞ አሰልፎ የተገላጩን ስም በመጨረሻ ያስገባል፤ ሰሚው ትናንት፣ ከአጋሮ፣ የመጣ የሚለውን ሁሉ ሰምቶ ቡና መሆኑን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ስሙን ጠርቶ ዝርዝሩን ያስከትላል። ኦሮምኛ በዚህ ረገድ ከሁለቱ መካከል የቆመ ነው፤ ስሙን አስቀድሞ ቅጽሉን ከበስተኋላው ያደርጋልና፣ «ጥቁር ቡና» የምንለውን «ቡነ ጉራቸ» ይላል። ስለዚህ በቤቱ ኦሮምኛ የሚናገር ተማሪ ስምን አስቀድሞ መግለጫውን ማስከተል በአማርኛ ብቻ ካደገው ጓደኛው ያነሰ ባዕድ ሊሆንበት ይገባ ነበር፤ «ቡና አለኝ» ለማለትም እንግሊዝኛ «አይ ሃቭ ኮፊ» ብሎ ሰውየውን ባለቤት ሲያደርገው፣ ኦሮምኛ «ቡነ ቀበ» ብሎ እንዲሁ ያደርጋል፤ አማርኛ ግን ቡናውን ባለቤት አድርጎ ሰውየውን በ«ኝ» ያስጠጋዋል። ይህን ልብ ብሎ ለተማሪው «ይኸውልህ፣ ይህን ቀድሞም ታውቀዋለህ» የሚለው መምህር ምን ያህል ሥራ ያቃልል ነበር!

በዚያው ማታ ከተማሪዎቹ አንዱ «ዘ ማን ሁም አይ ሶው ሂም» ብሎ ጻፈ። ይህ በአገራችን ከ9ኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ የሚዘልቅ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። «ያየሁት ሰው» ስንል «ት» የተባለችው ፊደል ያንን ሰው ዳግመኛ ታነሣዋለች፤ በአማርኛ እርሷን መተው ነው ስሕተቱ። ተማሪው «ት»ን ፈልጎ «ሂም» አገኘ። እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ ሥፍራ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሞላ ስለሚሻ፣ «ሁም» የያዘውን ሥፍራ «ሂም» ሲደርበው አይታገሥም። ሥፍራው ባዶ ሲሆንም እንዲሁ አይታገሥም። «ይዘንባል» ብለን ዝም የምንለውን እርሱ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ይላል፤ «ኢት» የተባለው ቃል በዚህ ሥፍራ ሰማይ ወይም ደመና ማለት አይደለም፣ የባለቤቱን ወንበር የሚያሞቅ ሎሌ ነው። ሲጠይቅም «ዱ» የተባለውን ሌላ ሎሌ ከፊት ያስቆማል፤ «ዱ ዩ ድሪንክ ኮፊ?» ይህ «ዱ» ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ ቀስ በቀስ ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ከዚያ በፊት እንግሊዞች ራሳቸው ማሰሪያውን ብቻ ወደፊት አምጥተው «ድሪንክ ዩ» እንደ ማለት አድርገው ይጠይቁ ነበር።

የዕለት ንግግር ከመጽሐፍ ይልቅ ያጋልጣል። በጀበና ቡና ቤት የተቀመጠ እንግዳ ሲጣራ፣ አስተናጋጇ ሲኒ ልታመጣ ወደ ጓዳ እየሄደች «መጣሁ!» ትላለች። ገና አልመጣችም፤ እንዲያውም እየራቀች ነው። አማርኛ የማይቀረውን ነገር እንደ ተፈጸመ አድርጎ በኃላፊ አንቀጽ መናገር ይወዳል፤ የትርጓሜ ሊቃውንትም ነቢያት የሚመጣውን እንዳለፈ አድርገው መናገራቸውን ሲያብራሩ፣ ስለ እርግጠኝነቱ ነው ይላሉ። ነቢዩ ስለ ዘመናት፣ አስተናጋጇ ስለ ሲኒ፣ አገባቡ ግን አንድ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ «አይም ካሚንግ» ይላል፤ «አይ ኬም» ቢባል እንግዳው ዞር ብሎ ማን እንደ መጣ ይፈልጋል። ሲርበን «ራበኝ»፣ ሲደክመን «ደከመኝ» እንላለን፤ ረኀቡ አድራጊ፣ እኛ ተደራጊ ነን። የዛሬው እንግሊዝኛ «አይ ኤም ሀንግሪ» ብሎ ሰውየውን በባለቤትነት ሥፍራ ያስቀምጠዋል፤ የጥንቱ እንግሊዝኛ ግን እንደ እኛ ረኀቡን አድራጊ አድርጎ ይናገር ነበር፤ በሼክስፒር ድራማዎች ውስጥ የሚገኘው «ሚቲንክስ» የሚለው ቃል፣ «ይመስለኛል» እንደ ማለት፣ ከዚያ ሥርዓት የቀረ ዱካ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያስከፍለው ግን የአዎና የአይደለም ነገር ነው። ገዢው በስልክ «ሃዝንት ዘ ትራክ ካም?»፣ መኪናው አልመጣም ወይ፣ ብሎ ቢጠይቅ፣ እኛ ያልመጣ እንደ ሆነ «አዎ፣ አልመጣም» ብለን የጠያቂውን ቃል እናጸናለን። እንግሊዝኛ የሚመለከተው የጠያቂውን ቃል ሳይሆን ነገሩን ነው፤ ካልመጣ መልሱ «ኖ» ነው። «የስ» ብሎ ስልኩን የዘጋ ሰው መኪናው ደርሷል ብሎ መስክሯል። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» በሚል ስም የሚታወቀው ያልታጠበ ቡናችን በሚሸጥበት አገር ይህች አንዲት ቃል የስንት ኩንታል ነገር እንደምትወስን ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ።

ጅማ ከእንግሊዝኛ ጋር የተዋወቀችው ዛሬ አይደለም። ከኢጣልያ ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የገነነው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ ሥፍራውን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1952 ከአሜሪካ ኦክላሆማ በመጡ መምህራን ርዳታ የእርሻ ትምህርት ቤት በጅማ ተከፈተ፤ የኮሌጁ ክፍል በኋላ ወደ ዓለማያ ቢዛወርም ትምህርት ቤቱ ጸንቶ በ1992 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለጅማ ዩኒቨርሲቲ አንዱ መሠረት ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጡት የሰላም ጓድ መምህራንም ወደየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ብዙ ትውልድ አስተምረዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃው በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ገብቶ፣ ተማሪው ባለቤቱን ከማሰሪያው ለይቶ ሳይጨርስ ተናጋሪው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ይጨርስበት ነበር።

ፊደሉም የራሱ ጣጣ አለው። አናሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ሲያሳትሙ የተጠቀሙት በግእዝ ፊደል ነበር፤ ኦሮምኛ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ «ቁቤ» በተባለው የላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የዛሬው የጅማ ሕፃን ከእንግሊዝኛ በፊት የእንግሊዝኛን ፊደል ያውቃል። ነገር ግን «ሲ» የተባለችው ፊደል በቁቤ «ጨ»፣ «ኤክስ» የተባለችውም «ጠ» ናትና፣ ድመትን የሚያመለክተውን «ካት» የሚል ጽሑፍ «ጨት» ብሎ ቢያነብ ሊቀጣ አይገባውም።

መጽሐፍ አልጐደለንም። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ሰዋስው በሥርዓት ጽፈውልናል። እ.ኤ.አ. በ1973 አምሳሉ አክሊሉ ከሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት ታትሟል፤ በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው መጽሐፍ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለነገራችን ይቀርባል፤ ቃልን ብቻውን ከመተርጐም ይልቅ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንደ ቆመ ወስዶ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያስቀምጠዋልና። የጐደለው፣ በአስተያየታችን፣ የክፍሉ ሥራ ነው። አሁንም በብዙ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ሰዋስው የሚሰጠው የክፍላተ ንግግርን ስም በማስቈጠርና ጊዜያትን በሠንጠረዥ በማስጠናት ነው፤ ተማሪው «ፓስት ፐርፌክት» ምን እንደ ሆነ ተጠይቆ በደንብ ይመልሳል፣ «ሺ ሃድ ዘ ኮፊ ፒክድ» እና «ሺ ሃድ ፒክድ ዘ ኮፊ» ምን ያለያያቸዋል ቢሉት ግን ዝም ይላል። ፈተናው የስሙን ዕውቀት እንጂ የሥፍራውን ዕውቀት አይጠይቀውም፤ መምህሩም ተማሪዎቹ የሚፈተኑትን ማስተማሩ የሚያስወቅሰው አይደለም።

ስለዚህ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ የእንግሊዝኛ፣ የአማርኛና የአፋን ኦሮሞ መምህራን ሆይ፣ ሦስታችሁ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣችሁ፣ አምስቱን የዓረፍተ ነገር ሥርዓቶችና በየዕለቱ የምንናገርባቸውን መቶ የሚያህሉ ግሦች ከነአገባባቸው በሦስቱ ልሳናት ጎን ለጎን የሚያሳይ፣ ምሳሌውም ከቡናው፣ ከገበያውና ከአጋሮ መንገድ የተወሰደ፣ በደብተር መጠን የሆነ አንድ መጽሐፍ አዘጋጁልን፤ ዋጋውም የማታ ተማሪ ሊገዛው የሚችል ይሁን።